የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ አረንጓዴ

ዕንባቆም ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና የመጣው በሃያ ዓመቱ ነው፤ ይዞት የመጣውም አንድ ብሩሽና የአጎቱን ስም ብቻ ነበር። አጎቱ ሳይገኝ ቀረ። ብሩሹ ግን እንጀራ ሆነለት። ዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከገበያው እስከ ጎፈር ሜዳ እሱ ያልቀባው ቤት ካለ ወይ ባለቤቱ ቆንቋና ነው፣ ወይ ቤቱ ገና አልተለሰነም።

ስሙን ያስጠራው እጁ አይደለም፣ ዓይኑ ነው። ድሮ ሰው ቤቱን ለጋ አረንጓዴ መቀባት ሲያምረው ዕንባቆም ካታሎግ አያወጣም። «ከጓሯችሁ የእንሰት ቅጠል ቁረጡልኝ፤ ከመሀል፣ ገና ያልተፈታውን» ይላል። ነጩን ፕላስቲክ ቀለም ባልዲ ውስጥ ይገለብጥና ከአረንጓዴው ጠብ፣ ከቢጫው ጠብ እያደረገ ያማስላል። ጣውላ ላይ ቀብቶ ቅጠሉን ከላዩ ያስቀምጠዋል። ቅጠሉ የት እንደገባ እስኪጠፋ ድረስ ማማሰሉን አያቆምም። ሰው ከብቦ ያያል፤ «የዚህን ሰው ዓይን እግዜር ለብቻው ነው የሠራው» ይባላል። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። በልቡ ግን ያምን ነበር። ውዳሴ የሚጠላ ቀለም ቀቢ እስካሁን አልተወለደም።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። ፈትሁዲን፣ የገበያው ዳር ባለሱቅ፣ ቀለም የሚቀይጥ ማሽን አስመጥቷል። ሰው ከካታሎግ ላይ ቁጥር ይመርጣል፣ ማሽኑ ይቀይጣል፣ ዕንባቆም ይቀባል። ለማሽኑ ያለውን ንቀት ሰው ሁሉ ያውቃል። «ቁጥር ምን ቀለም አለው?» እያለ ይቀልዳል፤ ቢሆንም ቆርቆሮውን ተሸክሞ ይሄዳል።

ነገሩ የሆነው መስቀል ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። በእኛ በኩል ለመስቀል ያልተቀባ ቤት ፊቱን እንዳልታጠበ ሰው ይቆጠራል። ዘመድ ከአዲስ አበባም ከደቡብ አፍሪካም ይመጣል፤ ገብቶ ከመቀመጡ በፊት የሚያየው ግድግዳ ነው። መምህርት ሰሎሜና ባሏ ሆሴዕ በዚያ ሰሞን አዲስ ቤት ሠርተው የቀራቸው ቀለም ብቻ ነበር። ቀለም ብቻ ማለት ቀላል ይመስላል። ባልና ሚስቱ ግን በሁለት አረንጓዴዎች ሦስት ሳምንት ተጨቃጭቀዋል።

ሁለቱም ለጋ አረንጓዴ ናቸው። ሰሎሜ የመረጠችው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሆሴዕ የመረጠው ወደ ሰማያዊ። እሷ የእሱን «የሆስፒታል ኮሪደር» ትለዋለች። ሆሴዕ ጤና ቢሮ ስለሚሠራ ስድቡ ይብስበታል። እሱ ደግሞ የእሷን «ያደረ የጎመን ውሃ» ይለዋል። ሽማግሌ መግባት ብቻ ነበር የቀረው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ሳሎኑ በእሷ ምርጫ፣ መኝታ ቤቱ በእሱ። ፈትሁዲን ሁለቱን ቀየጠና በአንዱ ክዳን ላይ «ሳሎን»፣ በሌላው ላይ «መኝታ» ብሎ ጻፈበት።

ረቡዕ ጠዋት ዕንባቆም ሁለቱንም ቆርቆሮ ከፍቶ ማማሰል እንደጀመረ ዝናብ መጣ። መስኮቱ ገና መስታወት አልገባለትም፤ ውሃው በቀጥታ ወደ ቀለሙ ይረጭ ጀመር። ሁለቱን ቆርቆሮ ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰዳቸው። ክዳኖቹ የነበሩበት ቀሩ። ዝናቡ አባርቶ ሲመለስ ክዳኖቹ ወለሉ ላይ፣ ቆርቆሮዎቹ ጥግ ላይ ናቸው። የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋው።

«ምን ችግር አለው» አለ ለራሱ። «አይቼ እለያለሁ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። አንድ ናቸው። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየ። አንድ ናቸው። ካርቶን ቀደደና ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው ቀብቶ ደጅ ወጣ፤ እስኪደርቅ ጠብቆ ራቅ አድርጎ አየው፣ አቅርቦ አየው። መሀሉ ላይ ድንበር መኖር ነበረበት፤ እሱ የሚያየው አንድ ወጥ ካርቶን ነው። ግራ ገባው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀለም እንዲህ አላታለለውም።

ሰው መቼም ከራሱ በፊት ጎረቤቱን ነው የሚጠረጥረው። «ፈትሁዲን ተሳስቷል፤ አንዱን ቀለም ሁለት ጊዜ ሰጥቶኛል» ብሎ ደመደመ። ካርቶኑን ብብቱ ውስጥ አድርጎ በጭቃው መንገድ ወደ ሱቁ ገሠገሠ።

ፈትሁዲን ከባንኮኒው ጀርባ ሚስማር ይመዝን ነበር። ካርቶኑን ተቀብሎ አንዴ አየና፣ «ምን ሆነ? ይኼ የሰሎሜ፣ ይኼ የሆሴዕ» አለ።

«አንድ ቀለም ነው የሰጠኸኝ!»

«ወላሂ ሁለት ነው። ማሽኑ ይሳሳታል እንዴ?»

«ማሽንህን ተወው። ይኼን እይ!»

ቱቦ ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት አንገቷን አስግጋ፣ «ይኼኛው ቢጫ ቢጫ ይላል» አለች። ከኋላዋ የቆመ ሰውዬ ደግሞ መነጽሩን እየጠረገ፣ «እኔ እንጃ፣ ለእኔስ አንድ ናቸው» አለ። ዕንባቆም ይህን ሲሰማ ልቡ ሞላ። ሰውዬው መነጽሩን ሲያደርግ ግን፣ «ኧረ ይለያሉ፣ ይለያሉ» ብሎ ሐሳቡን ቀየረ። ዕንባቆም የባሰ ተናደደ፤ ሁሉም ተማክረው የሚቀልዱበት መሰለው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድ ናቸው!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አማኝ ሰው ነው፣ መሐላ አይወድም፤ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

ፈትሁዲን ሚዛኑን አስቀምጦ ጓደኛውን ትክ ብሎ ተመለከተው። ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ዕንባቆም፣ ና እስቲ አረፍ በል፤ ሻይ ላስመጣልህ» አለው። ከስድብ ይልቅ ያቺ ልስላሴ ናት ያሳመመችው። ካርቶኑን ነጥቆ ወጣ።

ታዲያ ማንን ይጠይቅ? ሰሎሜን ቢጠይቅ ስሙ ያልቃል። ቀለም መለየት ያቃተው ቀለም ቀቢ ጆሮው የደነቆረ ዘማሪ ማለት ነው። የቀረችው ሚስቱ ገነቴ ናት።

ገነቴ የጊምቢቹ ልጅ ናት። እሱ ከምባትኛ፣ እሷ ሀዲይኛ ይዘው ተጋቡና ቤታቸው ውስጥ አማርኛ ነገሠ፤ ሲጣሉ ብቻ እያንዳንዳቸው ወደየቋንቋቸው ይመለሳሉ። ገበያ ላይ ቅቤ ትሸጣለች። ለጋውን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከበሳሉ ሳታሸት፣ በቀለሙ ብቻ ትለያለች። በዚህ ሙያዋ ዕንባቆም ይኮራባታል። «እኔ ግድግዳ፣ እሷ ቅቤ፤ እኛ ቤት ቀለም አይሸወድም» ይል ነበር።

ገበያ ሲደርስ ቅቤው የተጠቀለለበትን ቅጠል ውሃ ትረጭ ነበር። ያለ ሰላምታ ካርቶኑን ዘረጋላት።

«ገነቴ፣ እነዚህ ሁለት ናቸው አንድ?»

ካርቶኑን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው። እሱን ያየችበት ጊዜ ካርቶኑን ካየችበት ይረዝም ነበር፤ ዕንባቆም ግን ይህን ልብ አላለም። ላቡን እየጠረገ ይጠብቃል።

«አንድ ናቸው» አለች።

እፎይ አለ። ገበያው መሀል ባይሆን ኖሮ አቅፎ በሳማት ነበር። «ብዬ ነበር! ፈትሁዲን ያንን ማሽኑን ወንዝ ይጣለው!» እያለ ተመለሰ፤ ጭቃው እንኳ የቀለለው መሰለው። ከፈትሁዲን ጋር ዳግም ሊከራከር አልፈለገም፣ መስቀልም ደርሷል፤ «እሱ ከተሳሳተ ያው ለጋ አረንጓዴ ነው፣ ሁለቱንም ክፍል በዚሁ እቀባለሁ» አለ።

የቀለም ቀቢ ሕግ ደግሞ አለ። አንድ ቀለም በሁለት ቆርቆሮ ከመጣ ሁለቱን በአንድ በርሜል ገልብጦ፣ አማስሎ ነው የሚቀባው። አለዚያ ከሁለት የተለያየ ቆርቆሮ የተቀባ ግድግዳ ሲደርቅ ጠቃጠቆ ያወጣል። ዕንባቆም ይህን ሕግ ለስንቱ ወጣት አስተምሯል። ስለዚህ በርሜሉን አጠበ፤ አንዱን ገለበጠ፤ ሌላውን ከላዩ ገለበጠ። ሁለተኛው ሲወርድ አንድ ነገር፣ እንደ ጭረት ያለ ነገር፣ ላዩ ላይ የተጠማዘዘ መሰለው። ዓይኑን አሸት አድርጎ ደግሞ ሲያይ የለም። አማሰለው። ሐሙስና ዓርብ ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም ሁለት ሁለት እጅ ቀባ። አጨራረሱ እንደ ወትሮው ነው፤ ጥጉ የተሳለ፣ ኮርኒሱ ያልተነካ። ግን በየመሀሉ ብሩሹን እያቆመ ግድግዳውን ደጋግሞ ያይ ነበር። ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ባልና ሚስቱ መጡ። ዕንባቆም ብሩሹን አጥቦ ጨርሶ ነበር። ሰሎሜ ሳሎኑ መሀል ቆመች፤ ግድግዳውን ዞራ አየች። ወደ መኝታ ቤቱ ገባችና ተመልሳ መጣች። ፊቷ ተለዋውጧል።

«ሆሴዕ» አለች፣ «አደረግኸው አይደል?»

«ምኑን?»

«ሁለቱንም ክፍል በአንተ ቀለም አስቀባኸው።»

ሆሴዕ ሳቀ፤ የምትቀልድ መስሎት ነው። «በእኔ? ይኼ የእኔ ነው? ይኼ ያንቺ የጎመን ውሃ ነው እንጂ! እንዲያውም እኔ ነኝ መጠየቅ ያለብኝ።»

«የእኔ? ይኼ? ይኼ ግልጥልጥ ያለ ሆስፒታል ነው!»

«ሰሎሜ፣ በእግዚአብሔር፣ ዓይን የለሽም?»

ዕንባቆም አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያያል። ጭንቅላቱ ዞረ። ሁለቱም ወጣት ናቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ጤነኛ ነው። አንድ ግድግዳ ፊት ቆመው አንዷ ሰማያዊ አየሁ ትላለች፣ አንዱ ቢጫ አየሁ ይላል። እንግዲህ ዓለም ሁሉ ታውሯል ማለት ነው? ወይስ አረንጓዴ የሚባለው ነገር ራሱ አብዷል?

ሰሎሜ ማልቀስ ጀመረች። «ቀለሙ አይደለም የሚያናድደኝ» አለች። «ተስማምተን ነበር። ሳሎኗን እንኳ አልተውክልኝም። ከኋላዬ ከጋሽ ዕንባቆም ጋር ተነጋገርክ።»

«እንዲህ ያለውን ነገር አደርጋለሁ ብለሽ ታስቢኛለሽ?» አለ ሆሴዕ። አሁን አይስቅም። ድምፁ ተሰብሯል።

ዕንባቆም የብሩሹን ውሃ ማራገፉን ተወ። ዝም ቢል ነገሩ ያልፋል። አንዱ በሌላው ላይ እያሳበበ ይኖራል፤ የእሱን ስም የሚያነሳ የለም። ማንም አይጠይቀውም። ግን አንድ ሐሳብ ጨምድዶ ያዘው። እሷም «የእኔ አይደለም» ትላለች፣ እሱም «የእኔ አይደለም» ይላል። እንግዲያው ይኼ ሦስተኛ ቀለም ነው። ሦስተኛ ቀለም የሚወጣው ደግሞ ከሁለት የተለያየ ቀለም ነው። አንድ ቀለም ከራሱ ጋር ቢደባለቅ ያው ራሱ ነው። ይህን ሆሳዕና ውስጥ ከዕንባቆም በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ሁለት ነበሩ። ፈትሁዲን እውነቱን ነበር። ያቺ ቱቦ ልትገዛ የመጣችው ሴት እውነቷን ነበር። ያልዋሸው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱ ላይ መጣበት፤ በመጨረሻም የዋሸችው መጣች። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

«ልጆች፣ ተዉ፣ እሱ አይደለም» አለ። «እሷም አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ፈትሁዲን ሁለት ቀለም ነው የሰጠኝ። ክዳኑ ተቀላቀለብኝ። ባየው ባየው አንድ መሰለኝ፤ በአንድ በርሜል ገልብጬ ቀባሁት። ይኼ የአንቺም አይደለም፣ የእሱም አይደለም። ከሁለት ያጣ ነው።» ምራቁን ዋጠ። «ዓይኔ አይለይም። እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።»

ይህን ሲል አፈረ፤ ሰው ፊት ልብሱ የወለቀ ያህል አፈረ። ግን ደግሞ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግራ መጋባቱ ለቀቀው።

ሰሎሜ እንባዋን በእጇ መዳፍ ጠረገች። «ምነው ጋሽ ዕንባቆም፣ ለምን አልጠየቁንም?»

«ምን ብዬ ልጄ? ቀለም ንገሩኝ ብዬ?»

ሆሴዕ እጁን ይዞ አስነሳውና ወደ መስኮቱ ወሰደው። አገጩን ቀና አድርጎ ዓይኑን አየለት። «እናቴም እንዲሁ ሆና ነበር» አለ። «ሁሉ ነገር ገረጣብኝ ትል ነበር። የዓይን ሞራ ነው መሰለኝ፤ ሐኪም ይየው እንጂ እኔ አላውቅም። የእሷ ተገፎላት አሁን ክር በመርፌ ታሾልካለች።»

ግድግዳው እንዴት ይሁን የሚለውን በዚያ ቀን አልጨረሱትም። ዕንባቆም ከመስቀል በኋላ በራሴ ገንዘብ ቀለም ገዝቼ እንደገና እቀባለሁ አለ። ሰሎሜ ደግሞ ግድግዳውን አየት አድርጋ፣ «ቢያንስ ማናችንም አላሸነፍንም» አለች። ሆሴዕ ትከሻዋን ያዝ አደረገ። ዕንባቆም ብሩሹን ጠቅልሎ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ገነቴ ከገበያ ገብታ፣ ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሻሿን አውልቃ ለነገ ቤተ ክርስቲያን ፀጉሯን ታበጥራለች። መንገዱን ሙሉ ሊጮህባት ሲዘጋጅ ነው የመጣው። ፊት ለፊቷ ሲቆም ግን ጩኸቱ ጠፋው።

«ያቺን ካርቶን ታስታውሻታለሽ?»

እጇ ቆመ። «አስታውሳለሁ።»

«አንድ ነበሩ?»

«አልነበሩም።»

«ታዲያ ለምን?»

«አምና ካፖርትህ ቡኒ ነው እንጂ ጥቁር አይደለም ብልህ ሦስት ቀን አኮረፍክ። ከዚያ ወዲህ በቀለም ነገር አልከራከርህም ብዬ ማልኩ።» ማበጠሪያዋን አገላበጠች። «ደግሞ ያን ቀን ፊትህን አየሁት። ፈርተህ ነበር። አንድ ናቸው እንድልህ ልትለምነኝ ነበር የመጣኸው። ገበያ መሀል ምን ልበልህ?»

«የሰው ቤት አበላሸሁ እኮ።»

«ለቤት መሆኑን አላወቅኩም። አንተን ብቻ ነው ያየሁት።»

ተናደደባት፤ ወደዳትም፤ ሁለቱ ተደባልቀው የቱ እንደሚበልጥ ለራሱም አልለይ አለው። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሰኞ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እውነቱን ንገሪኝ። ባኮርፍም ንገሪኝ።»

«እሺ።»

«በይ እንጀምር።» ገመዱ ላይ የተሰጣውን ለነገ የታጠበ ሸሚዙን በአገጩ አመለከተ። «ያ ሸሚዝ ነጭ ነው?»

ገነቴ ሳቋን ልትይዝ ከንፈሯን ነከሰች። «ቢጫ ነው። ለጋ ቅቤ።»

«ቢጫ? እኛ መዘምራን ሁሉ ነጭ እንድንለብስ በተባለበት ቀን እሱን ነው እኮ የለበስኩት! ፊት ለፊት ቆሜ!»

«አዎ።»

«አንድ ሰው እንኳ ምንም አላለኝም!»

«ይወዱሃላ።»

ያን ጊዜ ዕንባቆም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድለት ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ አያት። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ አርፎበታል።

«ፀጉርሽን ግን አትነግሪኝም» አላት በጨዋታ። «ጥቁር ነው። እሱን እንኳ አላጣውም።»

ገነቴ ማበጠሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቃል ተጋብተዋል፤ አሁን መዋሸት አትችልም።

«ገብስማ ነው» አለች። «ከሰብሌ ሠርግ ወዲህ። ሦስት ዓመት ሆነው።»

ልጃቸውን ሰብሌን ሲድሩ ገነቴ ፀጉሯን ተሠርታ እንደ ሙሽራ ስትስቅ ያያት ትናንት ይመስለዋል። ሦስት ዓመት አብሯት በላ፣ አብሯት ጸለየ፣ በየማታው ሻሿን ስታወልቅ አጠገቧ ነበር። ሚስቱ ስታረጅ አላያትም። የሰው ግድግዳ ቢያበላሽ ቀለም ገዝቶ ይቀባዋል፤ ይህን ግን በምን ይመልሰዋል?

ተንበርክኮ ተጠጋት። «የቱ ጋ ነው?» አላት።

ገነቴ እጁን ይዛ ጆሮ ግንዷ ላይ አሳረፈችለት። «እዚህ ጋ» አለችው። ከዚያ እጁን ወደ ሌላኛው በኩል ወሰደችው። «እዚህም።»